ለማክሰኞ አጥቢያ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ አራት ኪሎ ከሚገኝ ፎቶኮፒ ቤት ያሳተመችውን የአውሮፕላን ቲኬት ይዛ ፒያሳ ቤቴ መጣች። ፍራንክፈርት የሚኖረውን ወንድሟን ልትጠይቅ ነው፤ ከአገር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ቡና እየተፈላ ስለነበር ወረቀቱን ከስኒዎቹ አጠገብ ዘርግታ «ጋሼ፣ ማክሰኞ ማታ ቦሌ ድረስ ትሸኘኛለህ አይደል?» አለችኝ።

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። ማርች 17፣ 00:25 ይላል። በእኛ መጋቢት 8 ቀን 2018 መሆኑ ነው። ዕለቱ በእርግጥም ማክሰኞ ነው። ጣቴን ሁለቱ ዜሮዎች ላይ አሳርፌ «ይህ ስንት ሰዓት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ25።»

«የየትኛው ሌሊት?»

ዝም አለች። እናቷም ጀበናውን ከከሰሉ ላይ እንዳነሳች ቀረች። ሁለት ዜሮ ለፒያሳ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከቤታችን በታች ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ገና ሲሠራ «ዜሮ ዜሮ ኪሎ ሜትር» እያልን ነበር የምንጠራው። ቲኬት ላይ ሲቀመጥ ግን ሰው ያሳስታል።

ፈረንጅ ቀኑን የሚለውጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እኛ ደግሞ በአፋችን ምንም ብንል ቀን የሚጀምርልን ሲነጋ ነው። «ማክሰኞ ሌሊት» ስንባል ማክሰኞ ውሎ፣ ጀምበር ጠልቃ፣ እራት ተበልቶ የሚመጣው ሌሊት እንጂ ሌላ አይታየንም። ልጅቱም ሰኞ ፀጉሯን ልትሠራ፣ ማክሰኞ እስከ ምሳ ሰዓት ቢሮዋ ውላ ባልደረቦቿን ልትሰናበት፣ ማታ ደግሞ ጎረቤት ሰብስባ ልትመረቅ አስባለች። አውሮፕላኑ ግን ማክሰኞ ሲነጋ አፍሪካን ጨርሶ ይሄዳል።

የሚገርመኝ፣ አማርኛ ለዚህ ነገር የተዘጋጀ ቃል ያለው መሆኑ ነው። «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» ቢባል አለቀ፤ የሚሳሳት የለም። እናቴ እኔን የወለደችኝ ለጊዮርጊስ አጥቢያ ነበር። እሷ በዚህ ቃል ተረጋግታ ኖራ ሞተች፤ እኔ ግን ፎርም በሞላሁ ቁጥር 22 ልበል 23 እያልኩ ስከራከር እኖራለሁ።

ይህን ትምህርት በነጻ አላገኘሁትም። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ፒያሳ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚያስመጡ ነጋዴ ጋር ስሠራ ዱባይ፣ ኢስታንቡል፣ ሙምባይና ጓንዡ ተመላልሻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጓንዡ ውስጥ የአምፖልና የገመድ ግዢ ጨርሼ ልመለስ ነው። ቲኬቴ የወሩ 14ኛ ቀን፣ 00:15 ይላል። በ14 ጠዋት ተነሥቼ ቁርሴን በላሁ፣ ለልጆቹ ጫማ ገዛሁ፣ የሆቴል ሒሳቤን ዘጋሁ፣ ሻንጣዬን በገመድ አሰርኩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ማለትም ሦስት ሰዓት ቀደም ብዬ አውሮፕላን ማረፊያ በመድረሴ እየኮራሁ ተሰለፍኩ።

የመስተንግዶዋ ልጅ ፓስፖርቴን አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። አንዲት ጠና ያለች ሴት ጠርታ በቻይንኛ ተነጋገሩ። ሴትዮዋ ብጣሽ ወረቀት ላይ 13 ብላ ጻፈች፤ ከጎኑ ቀስት ሠራች፤ ከቀስቱ ማዶ 14 አለች። ቀስቱ መካከል ላይ ደግሞ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገች። አውሮፕላኔ የሄደው እዚያ ቀስቱ ላይ፣ ከ21 ሰዓት በፊት ነበር። እኔ ሆቴል ተኝቼ እያለሁ።

የዚያ ሌሊት በረራ ሞልቷል፤ ያገኘሁት የሚቀጥለውን ነው። ቪዛዬ የሚያበቃው ደግሞ በ14 ስለነበር ለአንድ ቀን ሕገወጥ ነዋሪ ሆንኩ። ቅጣቱ በቀን 500 ዩዋን ነው፤ ከቲኬቱ ልዩነት ጋር ከኪሴ ከፈልኩ። ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ የመርካቶ ነጋዴ «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም ሆኖብኛል» ብሎ ውኃ ገዛልኝ። አለቃዬ ግን በስልክ «አውሮፕላን በደቂቃ ሲያመልጥ ሰምቻለሁ፤ አንድ ቀን ሙሉ እንዴት ያመልጥሃል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ለልጅቱ ቲኬቷን ብቻ አይቼ አልተውኳትም፤ ፓስፖርቷንም አምጪ አልኳት። ለጀርመንና ለሌሎች ብዙ የአውሮፓ አገሮች በአንድነት የሚያገለግለውን የሸንገን ቪዛ ለማግኘት ብዙ ደክማለች። ማመልከቻው እ.ኤ.አ. ከጁን 2024 ወዲህ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ወጥቷል፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ገዝታለች፤ ጉርድ ፎቶግራፏን በልኩ ስላላገኘች ሁለቴ ተነሥታለች። አሁን ግን ቪዛው ፓስፖርቷ ላይ ተለጥፏል፤ ከማርች 16 እስከ ኤፕሪል 19 ይላል። እናቷ ይህንን ካየች ጀምሮ ደስታዋን አልቻለችውም። ምክንያቱም ፋሲካ ኤፕሪል 12፣ በእኛ ሚያዝያ 4 ነው። ሁለቱ ልጆቿ ከስንት ዓመት በኋላ አብረው ሊፈስኩ ነው። የመመለሻ ቲኬቱ ለኤፕሪል 4 የተቆረጠ ቢሆንም «ቀኑን ያስቀይሩታል» ብላ ወስናለች።

ከሁለቱ ቀኖች በታች ግን አንዲት ትንሽ ቁጥር አለች። 20 ትላለች። ሰው የሚስተው እሷን ነው። ከላይ ያሉት ቀኖች በሩ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ጊዜ ናቸው፤ ለመዘግየት ተብሎም 15 ቀን ይጨመርባቸዋል። ውስጥ መቆየት የሚቻለው ግን ሃያ ቀን ብቻ ነው። አቆጣጠሩም ጥብቅ ነው፦ የገባሽበት ቀን አንድ ተብሎ ይቆጠራል፣ የምትወጪበትም እንዲሁ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ50 ላይ ብታርፊ እንኳ እነዚያ ዐሥር ደቂቃዎች ሙሉ ቀን ናቸው። ማርች 17ን አንድ ብዬ በጣቴ ስቆጥር ሃያኛው ቀን ኤፕሪል 5 ላይ ዋለ። ያ ቀን የፈረንጆቹ ፋሲካና የእኛ ሆሳዕና ነው። ለእኛ ፋሲካ አንድ ሳምንት ቀረ።

እህቴ ጣቶቼን ስታይ ቆይታ «እስቲ ድገመው» አለች። ደገምኩት። ያው ነው።

«ለአንድ ሳምንት ማን ይቆጥራል?» አለች። ድሮ ቢሆን የድንበር ፖሊሱ ማህተሞቹን ገልጦ በዓይኑ ነበር የሚደምረው፤ አንዳንዱ ማህተም ደግሞ ቀለሙ የደበዘዘ፣ አንዳንዱ በሌላው ላይ ያረፈ ነው። አሁን ግን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ የሸንገን አገሮች መግቢያና መውጫውን በኮምፒውተር መመዝገብ ጀምረዋል። ሥራው እስከ ኤፕሪል 10 ቀን 2026 ድረስ ደረጃ በደረጃ በሁሉም ድንበር እንዲዳረስ የታቀደ ነው። በእኛ ቀን ከጥቅምት 2 እስከ ሚያዝያ 2፣ ልክ ስድስት ወር። ፊትን ፎቶግራፍ ያነሣል፣ አሻራን ያመሳክራል፣ ቀኑን ራሱ ይቆጥራል። መዝገቡ ሦስት ዓመት ይቆያል፤ አንድ ቀን ያሳለፈ ሰው ሳይጠየቅ ይታወቃል ማለት ነው።

ማህተሙም በዚያው ይቀራል። ይህ እኔን ትንሽ ከፍቶኛል። ቅዳሜ ቡናው ካለቀ በኋላ ሳጥኔን ከፍቼ ጊዜያቸው ያለፈ ሦስት ፓስፖርቶቼን አወጣሁ። የኢስታንቡሉ ማህተም ከገጹ ጠርዝ ወጥቶ ግማሹ ቀርቷል፤ ፖሊሱ በዚያች ሰዓት ሲያዛጋ እንደነበር አስታውሳለሁ። በዚያው ጉዞ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ በአያቴ ስም ደጋግሞ ሲጠራኝ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። አያቴ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሰሜን ሸዋን ለቅቀው የማያውቁ ሰው በቱርክ ምድር ሲጠሩ እኔን ነው ብዬ እንዴት ልገምት? የቤተሰብ ስም የሚባለው ሣጥን ውስጥ የገቡት እሳቸው መሆናቸውን የተረዳሁት ያኔ ነው። አሁን ልጅቱን አስጠንቅቄያታለሁ፦ አያትሽ ሲጠሩ አቤት በይ።

ከሕንዱ ማህተም አጠገብ ቢጫ ካርዴ ታጥፎ አገኘሁት። ያን ጊዜ አብሮኝ የሄደው ባልደረባዬ የቢጫ ወባ ክትባቱን የተወጋው ከመነሣታችን አራት ቀን በፊት ነበር። ካርድ አለው፣ ማህተም አለው፣ ሁሉም አለው። ክትባቱ የሚጸናው ግን ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ሕንድ ደግሞ ከእኛ አገር የሚመጣን ሰው በዚህ አትምርም። የጎደሉት ስድስት ቀኖች እስኪሞሉ ሙምባይ ውስጥ ተለይቶ ተቀመጠ። እኔ ገበያ ስዞር እሱ በመስኮት ቁራ ሲቆጥር ከረመ። አንድ ደግ ነገር፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2016 ወዲህ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ በየ10 ዓመቱ መወጋት ቀርቷል። የድሮ ካርድ ያለው ሰው አይጣለው።

እሑድ ሻንጣ ስናስር ደግሞ ሌላ ጠብ ተነሣ። እህቴ በኮሰረትና በኮረሪማ ያነጠረችውን ቅቤ ክዳኑ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ ሞልታ፣ በሦስት ላስቲክ ጠቅልላ፣ በፕላስተር አሽጋ ከልብሶቹ መካከል ቀብራዋለች። ልጇ ባትቆይ ቅቤው ይቆይለት ብላ ነው፤ ለወንድየው የፋሲካ ዶሮ። ሥጋና የወተት ውጤት ከአብዛኛው የዓለም ክፍል ወደ አውሮፓ ኅብረት በመንገደኛ ሻንጣ አይገባም አልኳት።

«ቅቤ ምን ያደርጋቸዋል? ቦምብ ነው እንዴ?»

የሚፈሩት የከብት በሽታ መሆኑን ነገርኳት። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1988 ወዲህ አይታው የማታውቀው አፍተግር በጃንዋሪ 2025 በርሊን አቅራቢያ በውኃ ጎሾች ላይ መገኘቱን፣ ከዚያ በኋላ ጥርጣሬያቸው መጥበቁን ነገርኳት። የገጠር ልጅ ስለሆነች አፍተግር ስላት ገባት፤ የአባታችን በሬዎች ያለቁበትን ዓመት ታስታውሳለች። ሳትናገር ዕቃውን አውጥታ ወደ ጓዳ ወሰደችው። በርበሬውና ሽሮው ሄዱ፣ ቋንጣው ቀረ። ከታች ልብስ ውስጥ የተደበቀውን ፓወር ባንክ፣ ስልክ የሚሞላውን ተጨማሪ ባትሪ ደግሞ እኔ አውጥቼ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩት። ተጨማሪ ባትሪ ከታች በሚጫን ሻንጣ ፈጽሞ አይሄድም፤ በእጅም ቢሆን ያለ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ ገበያ ላይ 27,000 ሚሊአምፒር ገደማ የሚሉት ማለት ነው።

ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣን። እንደ ድሮው ቢሆን ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ቆሞ ይመርቅ ነበር፤ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ግማሹ ጎረቤታችን ወደ ከተማው ዳር ሄዷል፤ የቀረነው ጥቂት ነን። ታክሲው በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርድ መብራቱ እንደ ቀን ያበራ ነበር። ልጅቱ ፖስታ ቤቱን ስናልፍ በየመንገዱ ስልኳን እያየች «ጋሼ፣ ዛሬ ሰኞ መሆኑ እርግጥ ነው?» ትለኛለች። ቦሌ ስንደርስ ከመግቢያው በር ላይ ሰሌዳው 00:25 ብሎ በረራዋን አሳየን። እናቷ እቅፍ አድርጋ ስትስማት ሰዓቷን እያየች ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለች፤ በእነሱ ከጠዋቱ 6:30 መሆኑ ነው። ማሽኑ ፎቶግራፍ አንሥቷታል፣ ወንድሟ መጥቶ ወስዷታል። እህቴ እንዳትሳሳት ግድግዳዋ ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አውርጄ መጋቢት 20ን በቀይ ከበብኩላት፤ አውሮፓ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ፊት የሚገፋው በዚያ እሑድ ስለሆነ የሁለቱ አገሮች ልዩነት ከሁለት ወደ አንድ ይወርዳል።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ ይዘው ገቡ። «ልጄ የታለች? ለመንገዷ ብዬ ከሰዓት ሙሉ ስጠብስ ዋልኩ።»

እኔና እህቴ ተያየን።

«ማክሰኞ ማታ ነው አላልሽኝም?» አሏት፤ ዐርብ ዕለት የነገረቻቸው እሷው ናት።

ደጋግማ ብታስረዳቸው፣ ሰኞ ብትል፣ ማክሰኞ ብትል፣ ሴትዮዋ ፊታቸው አልፈታ አለ። በመጨረሻ እኔ «እማማ፣ የሄደችው ለዛሬ አጥቢያ ነው» አልኳቸው።

«እንዲያ አትሉኝም ታዲያ» ብለው ተቀመጡ። ቡና ተፈላ። ዳቦ ቆሎውን እኛው ቆረጠምነው።