ቻይናን በናንጂንግ በኩል

ስለ ቻይና የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ይዘው ነው የሚመጡት። አንዱ «ዓለምን ሊገዙ ነው አይደል?» ይለኛል። ሌላው «እኛስ እንደነሱ ብንሠራ ምን ነበረበት?» ይላል። የመጀመሪያው ስለ አሜሪካ እያሰበ ነው፤ ሁለተኛው ስለ እኛ። ናንጂንግ ለማስተርስ ስሄድ አንድ ነገር ወሰንኩ። ቻይና ለውጭ ሰው የምትናገረውን ለጊዜው ትቼ፣ ለራሷ ሰው የምትናገረውን ልስማ አልኩ። አገሩ ሰፊ ስለሆነም ካለሁበት ከተማ ልጀምር። (ዓመቶቹንና ወሮቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ናንጂንግ ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። እንግሊዝ በኦፒየም ጦርነት አሸንፋ ሆንግ ኮንግን የወሰደችበት ውል በ1842 የተፈረመው እዚሁ ነው፣ ያንግዜ ወንዝ ላይ በቆመ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ውስጥ። ድርድሩ የተካሄደበት የጂንግሃይ ቤተ መቅደስ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። የትምህርት ቤት መጽሐፍም ዘመናዊ ታሪክን የሚጀምረው ከዚህ ጦርነት ነው። ከዚያ እስከ 1949 ያለው ዘመን «የውርደት ምዕተ ዓመት» ይባላል። ገዢው የኮሚኒስት ፓርቲ «ለምን አንተ ትገዛናለህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ማርክስን ብዙም አያነሳም። «ከዚያ ውርደት ያወጣኋችሁ እኔ ነኝ» ነው የሚለው። የለንደን ባለሥልጣን ስለ ሆንግ ኮንግ ዴሞክራሲ ሲናገር ቤጂንግ ያለው ሰውዬ የሚሰማው 1842ን ነው። ይሄ የሆንግ ኮንግ ወጣቶችን ጥያቄ ውሸት አያደርገውም። ሁለቱ ወገኖች ለምን እንደማይደማመጡ ግን ገባኝ።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ምዕራፍም አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቻይና ከአሸናፊዎቹ ጋር ነበረች። ወደ 140,000 የሚጠጉ ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞች አውሮፓ ሄደው ምሽግ ቆፍረዋል፣ ጭነት ተሸክመዋል። በ1919 በቬርሳይ የሰላም ስምምነት ግን ጀርመን ሻንዶንግ በሚባለው የቻይና ክፍለ ሀገር የነበራት መብት ለጃፓን ተሰጠ። የቤጂንግ ተማሪዎች ሜይ 4 አደባባይ ወጡ፤ የኮሚኒስት ፓርቲው በ1921 ሲመሠረት ዋነኞቹ ሰዎቹ ከዚያ እንቅስቃሴ የወጡ ነበሩ። በ1931 ደግሞ ጃፓን ማንቹሪያን ወረረች። ቻይና ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አለች። ማኅበሩ አጣሪ ላከ፣ ሪፖርት ተጻፈ፣ ጃፓን ማኅበሩን ረግጣ ወጣች፤ በቃ። በ1935 ተራው የእኛ ሆነ። ይህን ሳነሳ ቻይናውያን የክፍል ጓደኞቼ ወንበራቸውን ያስጠጉ ነበር። በዚያው ማኅበር፣ በአራት ዓመት ልዩነት፣ ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ተመልሰናል። ቤጂንግ «በሕግ ላይ የተመሠረተ የዓለም ሥርዓት» የሚለውን የምዕራባውያን ንግግር በጎሪጥ የምታየው ከሰማይ ወርዶባት አይደለም። በእርግጥ ዛሬ ጉልበተኛዋ እሷ ስትሆን ጨዋታው ይቀየራል። በ2016 ሄግ ላይ የተሰየመው የግልግል ችሎት በደቡብ ቻይና ባሕር ጉዳይ ለፊሊፒንስ ሲፈርድ፣ ቤጂንግ ውሳኔውን አልቀበልም አለች።

ዲሴምበር 13 ረፋድ ላይ፣ በእኛ 4 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ሲል፣ ናንጂንግ ውስጥ ሳይረን ይጮኻል። መኪናው ባለበት ይቆማል። ሹፌሮች ጡሩምባቸውን ተጭነው ይይዙታል። እግረኛው አንገቱን ይደፋል። በ1937 የጃፓን ጦር ከተማዋን ይዞ ሕዝቡን የጨፈጨፈበት ቀን ነው። መታሰቢያው ግድግዳ ላይ 300,000 የሚል ቁጥር ተጽፏል። በቁጥሩ ላይ የታሪክ ሰዎች ይከራከራሉ፤ ጭፍጨፋው መፈጸሙ ግን አያከራክርም። ቀኑ ብሔራዊ መታሰቢያ የሆነው ግን በ2014 ነው። እዚህ ላይ ቆም አልኩ። በማኦ ዘመን የሚወራው ስለ ድሉ እንጂ ስለ ተበዳይነት አልነበረም። ቤጂንግ ውስጥ ሰልፈኞች ከተገደሉበት ከ1989 የቲያንአንመን ግድያ በኋላ ፓርቲው የአርበኝነት ትምህርት የሚባለውን ዘመቻ ሲጀምር ነው ብሔራዊ ቁስሉ ወደ ፊት የመጣው። ሐዘኑ እውነተኛ ነው። ቀን የተቆረጠለትና የተደገሰበት ደግሞ በመንግሥት ነው። አንዱን ብቻ ካየሁ ግማሹ ያመልጠኛል።

ከዚያው ሳልወጣ፣ ናንጂንግ ዩኒቨርሲቲ ጊቢ አጠገብ የጆን ራቤ ቤት አለ። ራቤ የሲመንስ ሠራተኛ፣ ጀርመናዊ፣ የናዚ ፓርቲ አባልም ነበር። በዚያ ጊዜ ከሌሎች የውጭ ሰዎች ጋር ሆኖ የስደተኛ ቀጠና አቋቋመ፤ ብዙ ሺህ ሰው ተረፈ። ቻይናውያን ዛሬም አበባ ይዘው ይሄዳሉ። «ምዕራባውያንን ይጠላሉ» የሚለኝን ሰው ወደዚያ ቤት ብወስደው ደስ ይለኛል።

ስለ ታይዋን የገባኝ ደግሞ ተራራ ወጥቼ ነው። ንጉሣዊው አገዛዝ ሲወድቅ ሪፐብሊኩን የመሠረተው፣ የኩኦሚንታንግ ፓርቲም መሥራች የሆነው የሱን ያት ሰን መቃብር 392 ደረጃ አለው። በበጋ ሙቀት እሱን የወጣ ሰው ፖለቲካ ቢያማርረው አይፈረድበትም። ላይ ስትደርስ አዳራሹ ጣሪያ ላይ ያለው የኩኦሚንታንግ ዓርማ ነው፤ ኮሚኒስቶቹ በጦርነት አሸንፈው ወደ ታይዋን ያባረሩት ፓርቲ ዓርማ። አልፋቁትም። የታይዋን ፕሬዚዳንት የነበሩት ማ ዪንግ ጂዩ በማርች 2023 እዚህ መጥተው አበባ አስቀምጠዋል። ቤጂንግ ከድሮ ጠላቷ ጋር የምትጋራው ነገር «ቻይና አንድ ናት» የሚለውን ነው። የሚያስፈራት ታይዋን ውስጥ ያ ጥያቄ ጨርሶ የማይመለከተው ትውልድ መምጣቱ ነው።

ታሪኩ እንዲህ በእግር ሲገኝ፣ የዛሬው ፖለቲካ ግን ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። መጀመሪያ የማየው ማን ከማን እንደሚቀድም ነው። የክፍለ ሀገር ገዥ የሚባለው ሰው ሁለተኛ ነው፤ አንደኛው የፓርቲው ጸሐፊ ነው። ከንቲባውም እንደዚያው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንኳ ከፕሬዚዳንቱ ጎን የፓርቲ ጸሐፊ አለ። ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚተላለፈውን የማዕከላዊ ቴሌቪዥን ዜና ለግማሽ ሰዓት እከታተል ነበር። ይሰለቻል፣ አልዋሽም። ግን ዋናው ነገር የሚገኘው ከጎደለው ውስጥ ነው። ኖቬምበር 24 ቀን 2022 ኡሩምቺ የምትባል ከተማ ውስጥ አንድ ሕንፃ ተቃጥሎ 10 ሰዎች ሞቱ። ሰው የኮቪድ አጥሩ ነው ያስቀራቸው ብሎ ተቆጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ናንጂንግ ውስጥ ባለ አንድ የሚዲያ ኮሌጅ አንዲት ተማሪ፣ መናገር አይፈቀድም ለማለት፣ ባዶ ነጭ ወረቀት ይዛ ቆመች። ቪዲዮው ዊቻት በሚባለው የቻይናውያን የመልእክት መተግበሪያ ላይ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል። ከዚያ ወደ ሻንጋይና ቤጂንግ ተዛመተ። ዜናው ምንም አላለም። ኖቬምበር 30 ላይ ግን የኮቪዱን ሥራ ይመሩ የነበሩት ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሱን ቹንላን ሲናገሩ የጥብቁ ፖሊሲ ስም የሆነውን «ዜሮ ኮቪድ» የሚለውን ቃል ዘለሉት። ልብ ያለው ሰው ነገሩ ማብቃቱን ያን ቀን አወቀ። ዲሴምበር 7 ላይ አብዛኛው ገደብ ተነሳ።

ከፕሮፌሰሮቹ ይልቅ ብዙ ያስተማረኝ ግን የዶርማችን ጥበቃ ነው። «አጎቴ» ነበር የምንለው፣ እንደ አገሩ ደንብ። የመጣው ከጎረቤት ክፍለ ሀገር፣ ከአንሁዊ ነው። አንሁዊ በ1959 እና 1961 መካከል በነበረው ረሀብ ክፉኛ ከተጎዱት አንዷ ናት። በ1978 መጨረሻ ደግሞ የሺያኦጋንግ መንደር 18 ገበሬዎች በድብቅ ፈርመው የጋራውን መሬት ለየቤተሰቡ የተከፋፈሉባት ናት፤ ብንታሰር ልጆቻችንን አሳድጉልን ተባብለው። የቻይና ለውጥ ሲተረክ መሪው ዴንግ ሺያኦፒንግ ብቻ የሚነሳው ለምንድነው እላለሁ አንዳንዴ።

አጎቴ ናንጂንግ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቷል። መዝገቡ ግን ገጠር ነው። «ሁኮ» የሚባለው ይህ የነዋሪነት መዝገብ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተዘረጋ ነው፤ የልጅ ትምህርትና ፈተና በአብዛኛው የሚያያዘው መዝገቡ ካለበት ቦታ ጋር ነው። ከዚህ የተነሳ ልጁን አያቶቹ ጋ ትቶ መጣ፤ ጋኦካኦውን፣ ማለትም የእነሱን ማትሪክ፣ ልጁ የሚፈተነው እዚያው ነበር። አንድ ምሽት ትኩስ ውኃ በፔርሙዝ ይዞ፣ ስለ ወረዳቸው ሹም እየተማረረ አጫወተኝ። ለቤጂንግ መሪዎች ግን አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። «ላይ ያሉት ጥሩ ናቸው፤ ታች ያሉት ናቸው የሚያበላሹት» አለኝ። አያቶቻችን «ጃንሆይ አልሰሙም እንጂ» ይሉ የነበረው ትዝ አለኝ። ቻይና ውስጥ የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ ደጋግመው አሳይተዋል፤ ሰው ማዕከሉን ከአካባቢው ሹም ይልቅ ያምናል። ቤጂንግ በየጊዜው የአካባቢ ባለሥልጣናትን በሙስና ስታስር ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ለዚህ ነው።

አጎቴን የሚያሳስበው ግን አሜሪካ አልነበረችም፤ ቤት ነው። ልጁ እንዲያገባ ቤት መግዛት ነበረበት። በ1994 በተደረገው የግብር ማሻሻያ ማዕከላዊው መንግሥት የገቢውን ትልቅ ድርሻ ወሰደ፤ ትምህርት ቤቱና መንገዱ ግን የአካባቢው መንግሥት ዕዳ ሆኖ ቀረ። ከተማ ውስጥ ያለ መሬት የመንግሥት ነው። ስለዚህ ከንቲባው መሬት በሊዝ እየሸጠ በጀቱን ሞላ፣ አልሚው ተበደረ፣ ቤት ገዢው ቤቱ ሳይሠራ ከፈለ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። በ2020 ቤጂንግ የአልሚዎቹን ብድር አጠበቀች። ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ የነበረበት ኤቨርግራንዴ የሚባለው አልሚ በ2021 መክፈል አቃተው። በ2022 በብዙ ከተሞች ያላለቀ ቤት የገዙ ሰዎች ባንኩን አንከፍልም አሉ። የአጎቴ ልጅ ቤት እንደ ዕድል ሆኖ አለቀ። ዋጋው ግን ወረደ፤ ቁጠባው ሁሉ ያ ግድግዳ ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቻይና ኢኮኖሚ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው የወደብ ፎቶ ሳይሆን የአካባቢ መንግሥታትን ዕዳ ነው።

ከምዕራቡ ጋር ያለውን ግንኙነት በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ናንጂንግ ላይ ያንግዜን የሚያቋርጠው ትልቁ ድልድይ በ1968 ነው ያለቀው። ሶቪየቶች በ1960 ባለሙያዎቻቸውን አስወጡ፤ የሚያቀርቡት ብረትም ቀረ። ቻይናውያን ብረቱን ራሳቸው አቅልጠው ድልድዩን ሠሩት። አሜሪካ በኦክቶበር 2022 የላቁ ቺፖች ለቻይና እንዳይሸጡ ስትከለክል፣ ትልልቆቹ ሰዎች ወዲያው ያነሱት ድልድዩን ነው። በኦገስት 2023 የአሜሪካ ንግድ ሚኒስትር ጂና ራይሞንዶ ቻይናን እየጎበኙ ሳለ፣ ሁዋዌ አገር ውስጥ የተሠራ ቺፕ ያለበትን ሜት 60 ስልክ ገበያ ላይ አወጣ። ዊቻቴ በደስታ ተጥለቀለቀ። በጣም ከጨፈሩት አንዱ የላብ ጓደኛዬ ነበር፤ የሴትዮዋን ፎቶ የስልኩ ማስታወቂያ አድርገው የሠሩትን ቀልድ እየደጋገመ ይልክልኝ ነበር። እሱ ራሱ በዚያው ሰሞን ካሊፎርኒያ ለፒኤችዲ ለማመልከት ቶፍል እያጠና ነበር። ሁለቱ አይጋጩብህም ወይ አልኩት።

«ምኑ ነው የሚጋጨው?» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ምንም አልተጋጨበትም።