«ስኳር አንሷል በያት»

ከድሬ ወጥተው ሲያትል የገቡ ባልና ሚስት ሲፋቱ ምክንያቱ ሁሌም አንድ ነው። «አሜሪካ ናታ!» ይባላል። ሴትዮዋ ደሞዝ ያዘች፣ ሕጉ ለሴት ያደላል፣ ትንሽ ከጮህክ ፖሊስ በር ላይ ነው፤ አለቀ። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚያወሩትም፣ ሲያትል ሬኒየር ጎዳና ላይ ቡና ይዘው የሚያወሩትም ይህንኑ ነው። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

እዚያው ሲያትል፣ ያንኑ ውድ ኪራይ እየከፈሉ፣ ያንኑ የሌሊት ሺፍት እየሠሩ፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ባልና ሚስት አውቃለሁ። ድሬ ደግሞ አውሮፕላን ሳይሳፈሩ የተፋቱ ሞልተዋል። ሀገሩን የምንከሰው መልስ ስለማይሰጠን ይመስለኛል።

«ሥራው ነው፣ አይተያዩማ» የሚሉም አሉ። እኔ የባቡር ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ይሄም አያሳምነኝም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የደረሰው እንደ ፈረንጆቹ በ1902 ነው፤ ከተማዋም ከባቡሩ ጋር ነው የተወለደችው። ከዚያ ወዲህ የባቡር ሠራተኛ ሚስት መሆን ማለት ባልሽ ዛሬ ሄዶ መቼ እንደሚመለስ በቅጡ አለማወቅ ነበር። ሃዲዱን ጎርፍ ይቆርጠዋል፣ ሞተሩ በረሃ ላይ ይበላሻል፣ ጅቡቲ ላይ ጭነት ይዘገያል። ሰውየው እዚያው ያድራል። ስልክ የለም። ሚስትየውም ደጅ ደጁን እያየች አትቀመጥም። ከጅቡቲ የመጣ ጨርቅና ሽቶ ትነግዳለች፣ የራሷ ገንዘብ አላት፣ ቤቱን ታዛለች። ገንዘብ ያላት ሴት ትዳር ታፈርሳለች የሚሉ ሰዎች የድሬን ነጋዴ ሴቶች አያውቋቸውም ማለት ነው። ከእነዚያ ቤቶች ስንቱ እስከ ዛሬ ቆሟል!

ዘንድሮ ለታኅሣሥ ገብርኤል ወደ ቁልቢ ስመጣ አንዱን ቤት ጠጋ ብዬ አየሁት።

ድሬን በቀትር ታውቋታላችሁ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁም ጥላ ፈልጎ ይቆማል። የሚቅመው በርጫው ላይ ይሰየማል፣ የማይቅመው ይተኛል። እኔ ወደ ድሮ ጎረቤቶቻችን ግቢ ገባሁ። ጋሼ የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ፈረንሳይኛቸው አብሯቸው ጡረታ ወጥቶ «ቦንዡር» ብቻ ቀርቷቸዋል። በረንዳው ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ጋሼ በአንደኛው ጫፍ፣ እማማ በሌላኛው። ሳምኳቸውና መሐላቸው ተቀመጥኩ። ለካ ቦታው ባዶ የሆነው በምክንያት ነበር።

እማማ ሻይ ቀዱ። የእኔን ሰጡኝ። የጋሼን ብርጭቆም እኔው ፊት አስቀመጡና «አድርሺለት» አሉኝ። እጃቸውን ቢዘረጉ ይደርሱ ነበር እኮ! አደረስኩ። ጋሼ ቀመሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ስኳር አንሷል በያት።»

«እማማ፣ ስኳር አንሷል ይላሉ።»

«ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስኳር አነሰኝ አይልም በይው።»

«ጋሼ፣ እማማ...»

«ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ስኳሬ ወርዶ ስወድቅ ማን ደረሰልኝ በያት። የጎረቤት ልጅ ነው የደረሰልኝ።»

«የጎረቤት ልጅ? ማን ነው የሮጠው? እኔ ነኝ እንጂ! ነጠላዬን እንኳ ሳልደርብ!»

እማማ ማኩረፋቸውን ረስተው ቀጥታ ለእሳቸው መለሱ። ከዚያ በኋላ እኔን የሚፈልገኝ አልነበረም። ጠቡ የቆርቆሮ ነበር ለካ። ከቤት እድሳት የተረፈውን ቆርቆሮ ጋሼ ሳያማክሯቸው ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተውታል። እማማ የሚያንገበግባቸው መሰጠቱ አይደለም። ከሰው አፍ መስማታቸው ነው። «እኔ ዕቃ ነኝ እዚህ ቤት?» አሉ። ጋሼ መጀመሪያ ካዱ፣ ቀጥሎ ተቆጡ፣ በመጨረሻ «እሺ፣ አጥፍቻለሁ አልኩ አቦ!» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እማማ እየተራገሙ ግማሽ ማንኪያ ስኳር ጨመሩላቸው።

እዚያው ሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ጆን ጎትማን የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ባልና ሚስቶችን በካሜራ እየቀረጸ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። አዲስ ተጋቢዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ተመልሶ አያቸው። አንደኛው ወገን ለትንሽ ነገር ሌላውን ሲጣራ፣ ማለትም «ይቺን እያት» ወይም «ደከመኝ» ሲል፣ አብረው የቆዩት 86 በመቶ ያህል መልስ ይሰጡ ነበር። የተፋቱት 33 በመቶ ብቻ። በእሱ ጥናት ፍቺን ከሁሉ በላይ የሚያሳብቀው ንቀት ነው። መጨቃጨቅማ በሁሉም ቤት አለ። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ «ስኳር አንሷል» የሚለውን ነገር በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው። ሰውየው ስኳር ፈልገው አይደለም፤ አናግሩኝ ነው የሚሉት።

ሲያትል ግን መሐል የሚቀመጥ ሰው የለም። አንድ የማውቃቸው ባልና ሚስት ነበሩ፣ ሁለቱም የድሬ ልጆች። እሱ ሌሊት አየር ማረፊያው አካባቢ መኪና ማቆሚያ ይሠራል። እሷ ቀን አረጋውያን ትንከባከባለች። በትንሽ ነገር ተኳረፉ። አጥር አልፎ ቡና ልጠጣ የሚል ጎረቤት የለም፣ «ለአባትህ ንገረው» እንዳይሉት ልጁ እንኳ ገና ጡት አልጣለም። ወሬያቸው ሁሉ በስልክ ጽሑፍ ሆነ። «ዳይፐር አልቋል።» «ኪራይ ተከፍሏል።» «ዘጠኝ ሰዓት ውሰደው።» ድሬ ቢሆን አንድ ሳምንት የማይሞላው ኩርፊያ ከበጋ እስከ ክረምት ዘለቀ። ማንም አልሰማም። ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመው ያስቀድሱ ነበር፤ እኛም «ሲያምሩ!» እንል ነበር።

ያፈረሳቸው ግን ኩርፊያው ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ስልኩን ለልጁ ካርቱን ልትከፍት ብታነሳው ወደ ሀገር ቤት የተላከ ብር ደረሰኝ አገኘች። አንዱን ስትከፍት ሌላ፣ ሌላውን ስትከፍት ሌላ። ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ቤት እየተሠራ ነው። በወንድሙ ስም። እሷም ተጨማሪ ሺፍት ስትይዝ የከረመችው «ቁጠባችን አልሞላም» ተብላ ነበር።

ይህንን ታሪክ ስሙን ቀይራችሁ ለስንት ቤት ልትሰጡት ትችላላችሁ! ለእናት መላክ፣ ለታመመ እህት መላክ ነውር አይደለም። እኛ ያደግነው በተላከ ብር ነው። ነገር ግን የሚያፋታን በድብቅ የሚላከው ነው። ሴቶቹም እንልካለን፤ ወንዱ ብቻ አይደለም። ለእናቷ የላከችውን ከአስቤዛ ቀንሳ የምትሸፍን ሴት አውቃለሁ። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ በትዳር ውስጥ የተገኘን ገቢ የሁለቱም ነው ይላል። የእኛም የቤተሰብ ሕግ እንዲሁ ነው። ችግሩ፣ ሳቢያን ያለው ቤት በወንድም ስም ከሆነ ዳኛው ምን ይዞ ያካፍለው? ወንድምየው ደግሞ «የራሴ ነው» ብሎ ቁጭ አለ። ባልየው ሚስቱንም ቤቱንም አጣ።

ሌላው «እኔ ነኝ ያመጣሁሽ» የሚሉት ነገር ነው። ይህን ቃል ከአፉ ያወጣ ሰው መልሶ ሲውጠው አላየሁም። ከድሬ አግብቶ ይወስዳታል፣ ከዚያ በተጣሉ ቁጥር «አስመልስሻለሁ» ይላታል። ለእህቶቼ ልንገራችሁ፦ አሜሪካ ስትገቡ ትዳራችሁ ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚሰጣችሁ ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ነው። ዘላቂውን ለማግኘት በተለምዶ ሁለታችሁ ትፈርማላችሁ። ከተፋታችሁ ወይም በደል ከደረሰባችሁ ግን ጋብቻው የእውነት እንደነበር አስረድታችሁ ለብቻችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ባል የሚነጥቃችሁ ወረቀት አይደለም። ንቀቱ ከሴቷም ይመጣል፤ እንግሊዝኛዋ የተሻለ ነውና ልጆቹ ፊት እሱ በማይከተለው ቋንቋ ታሾፍበታለች። ልጆቹ ይስቃሉ። እሱም አብሮ ይስቃል፣ ሳይገባው።

ሽማግሌ የለም እንዳትሉኝ፤ ሲያትልም አለ። ችግሩ፣ ሽማግሌው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ለእነዚያ ባልና ሚስት ሽማግሌ የተቀመጠው እሷ ፍርድ ቤት ካመለከተች በኋላ ነው። እዚያ ማመልከቻው ገብቶ ለሌላኛው ወገን ከደረሰ በኋላ ቢያንስ 90 ቀን ይጠበቃል። በዚያ መሐል ነው «ተይ፣ ቻይው፣ የልጅ አባት ነው» ያሏት። ስለ ሳቢያኑ ቤት አንድም ሰው አላነሳም። ገንዘብ ማንሳት ነውር መሰላቸው መሰለኝ። እሷ ደግሞ የምትፈልገው ያንኑ ብቻ ነበር።

በእኛ ሀገር በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ውሳኔውን ለፍርድ ቤት አደረገው። ክልሎች የየራሳቸውን ሕግ ሲያወጡ ድሬ፣ እንደ አዲስ አበባ፣ የምትዳኘው በዚሁ በፌዴራሉ ነው። ሁለቱም ከፈቀዱ ሙስሊሞች ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ፍርድ ቤቱ ቢያስታርቃቸው ብሎ እስከ ሦስት ወር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። እንግዲህ ጊዜው እዚህም እዚያም ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤታቸው ማን ይገባል የሚለው ላይ ነው።

የድሬን ትዳር ግን ሁሉ ወርቅ አድርጌ መሳል አልፈልግም። ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ እየተደበደበች የኖረች ሴት ነበረች። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ተመልሳ ትገባለች። የት ትሂድ? ወላጆቿ አልተቀበሏትም፣ በእጇ ሳንቲም የለም። ያ ትዳር እስከ ሞት ቆይቷል፤ ለቅሶው ላይም «ምን ዓይነት ባለትዳር!» ተብሏል። ሲያትል ብትሆን ትወጣ ነበር፣ እሰየው። ስለዚህ አሜሪካ ካፈረሰቻቸው ትዳሮች ውስጥ መጀመሪያውኑ የቆሙት በጎረቤትና በይሉኝታ የነበሩ አሉ። ለእነሱ አላዝንም።

አሁን የዘመዴን ልጅ ነገር ልንገራችሁ። ጥር እየመጣ ነው፤ ሰርግ አለባት። ሙሽራው ካናዳ ነው። ተዋወቁ፣ ቀለበት አሰረላት፣ ተመለሰ። የቀረው በዋትስአፕ ነው። ስልክ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ጨዋ ነው፤ ሲያኮርፍም «ኔትወርክ የለም» ነው። «ምን ልጠይቀው?» አለችኝ። ይወድሽ እንደሆን አትጠይቂው አልኳት፤ አዎ ነው የሚልሽ። በወር ለማን ስንት እንደሚልክ ጠይቂው። እዚህ የጀመረው ነገር ካለ በማን ስም እንደሆነ ጠይቂው። አንቺም ለእናትሽ ስንት መላክ እንደምታስቢ አሁኑኑ ንገሪው።

ጠየቀችው። ደነገጠ። «ማን ነው ይሄን ያስተማረሽ?» አላት። ቀጥሎ ግን ዘርዝሮ ነገራት፤ አንድ መሬት በአጎቱ ስም አለ። እናቷ «ገና ሳትገባ ቤቷን አፈረስሽባት» ብላ ተቀይማኛለች። ልጆቹ ግን በየማታው ስለዚያ መሬት ይጨቃጨቃሉ፤ ስልኩንም ተዘጋግተው አያውቁም። ትናንት እንደሰማሁት ከአጎትየው ስም ለማዛወር የሚከፈለውን ማን ይክፈል እያሉ ነበር።