የማን ደም እንደሆነ አላውቅም

ይህን ስጽፍ ልጄ ጎኔ ተኝታለች። እንባዬ እየቀደመኝ ነውና ነገሩን በቅደም ተከተል ባልነግራችሁ ይቅርታ።

ሰባት ዓመት ጠበቅን። በስምንተኛው አረገዝኩ።

በአምስተኛው ወር ክትትል ስጀምር የደሜ መጠን፣ ሄሞግሎቢን የሚሉት፣ 9.2 ሆነ። "ለነፍሰ ጡር ከ11 ባይወርድ ነው ደጉ" አለችኝ አዋላጇ። የርጥብ አፈር ሽታ እንደሚያምረኝ ስነግራት "ይሄ አምሮት ብቻ አይመስለኝም፣ ደምሽ አንሶ ነው" ብላ ደም የሚተካውን የአይረን (የብረት ማዕድን) ክኒን ሰጠችኝ። ክኒኑ አቅለሸለሸኝ፣ ሆዴን አደረቀኝ። በሁለት ሳምንቱ ተውኩት። ቡናዬን ግን አልተውኩም። "ከምግብ ጋር አትጠጪ፣ አይረኑን ያስቀርብሻል" ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ምሳዬን እንደጨረስኩ አቦል፣ ቶና፣ በረካ! ፍልሰታንም ጾምኩ። የንስሐ አባቴ "ልጄ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ፣ ይቅርብሽ" ቢሉኝም ለእመቤቴ ተስያለሁ ብዬ እምቢ አልኩ።

ለግሸን ማርያም አጥቢያ፣ መስከረም 21፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ሽንት ቤት ልሄድ ተነሣሁ። በሩን ያዝኩ። ከዚያ የማስታውሰው ጉንጬ ላይ የነበረውን የሲሚንቶ ቅዝቃዜ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ባለቤቴ በነጠላ ጠቅልሎ ባጃጅ ውስጥ አስገባኝ። የባጃጁ ልጅ ሒሳብ አልቀበልም አለ። "ማርያም ትቅረብሽ" ብሎኝ ሄደ። ወንድሜ፣ የትም ሁን የት እግዜር ይስጥህ።

ሐኪሙ የታችኛውን የዓይኔን ሽፋን ገለጥ አድርጎ አየና ዝም አለ። የሄሞግሎቢኔ ውጤት 6.4። ልቤ ይደልቃል፣ አየር ያጥረኛል። ደም ያስፈልጋታል ተባለ። የኔ ደም ኦ ኔጌቲቭ ነው። ባለቤቴ እጅጌውን ሰብስቦ "ከኔ ቅዱ" ሲል ሰማሁት። የሱ ቢ ፖዘቲቭ ነው፤ አይሆነኝም። ሆስፒታሉ ውስጥ የኔ ዓይነት አልነበረም። ደም ባንክ ተደወለ። ጠብቁ ተባልን።

ዘጠኝ ሰዓት። አሥር ሰዓት። ልጄ አንዴ ትራገጣለች፣ አንዴ ጭጭ ትላለች። ጭጭ ስትል ሆዴን በጣቴ እነካካለሁ።

አልደብቃችሁም፣ ያን ሌሊት አልጸለይኩም። ተጣላሁት። "ሰባት ዓመት ያስለቀስከኝ አነሰህ? ሰጥተህ ልትነጥቀኝ ነው?" አልኩት፣ ድምፄን አውጥቼ። ጎኔ ያለችው በሽተኛ አማተበች። ቁጣውም ደከመኝ። አፌ ላይ የመጣው "ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?" የሚለው ነው። ቀጣዩ ጠፋብኝ። ስንት ዓመት የደገምኩት ዳዊት! ያቺ ሴት ከአልጋዋ ሆና ጨረሰችልኝ፦ "ረዳቴ ሰማይና ምድርን ከሠራ ከእግዚአብሔር ዘንድ ነው።" ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ሊነጋጋ ሲል አዋላጇ ገባች። ቀዩን ከረጢት እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። "ተገኘ፣ የኔ እናት!" አለችኝ። ከረጢቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ሲገባ ክንዴን በረደኝ። ጠብ ጠብ ሲል እያየሁ በየጠብታው "ተመስገን" አልኩ፣ እስኪጠፋኝ ድረስ። ከሰዓት ሁለተኛው ተደገመልኝ።

ከዚያ ወዲህ ክኒኑን አንድ ቀን አልዘለልኩም። አባ "በጸበል ዋጪው፣ መድኃኒቱንም የሰጠ እሱ ነው" አሉኝ። ብርቱካን አከልኩበት፤ ቡናውም ከምግብ ራቀ።

ጥቅምት ላይ በሰላም ተገላገልኩ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሲሉኝ፣ ለሌላው ስንቴ ያልኩት ቃል፣ ያን ቀን ገና ገባኝ።

ልጃችን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። በማግስቱ ባለቤቴ የት እንደሚሄድ ሳይነግረኝ ወጣ። ሲመለስ ክንዱ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። ያን ለኔ ያልሆነኝን ደም ሰጥቶ መጣ።