18 ቁጥር ቸርኬና የእማዬ እንቁላል

ዛሬ ራሴን ላዋርድ ነው የመጣሁት።

የ2000 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ አለችኝ። አርጅታለች፣ ግን ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ስለሆነች የሰፈር ልጆች ዛሬም ይሯሯጡላታል። ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ጎማ 195/60 አር 15 ነው። እኔ ደግሞ ኩርባ ላይ መሪዋ ቶሎ እንዲታዘዘኝ ፈለግሁ። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ኩርባ ላይ ብዙም አይተጣጠፍም፣ መሪውን ነካ ስታደርገው መኪናዋ ወዲያው ትሰማሃለች። እውነት ነው፣ ይሄንን ዛሬም አልክድም።

ሌሊት ደብተር አውጥቼ ሠራሁት። 225/35 አር 18 ማለት ስፋቱ 225 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 35 በመቶ፣ ቸርኬው 18 ኢንች። ከላይ እስከ ታች 614.7 ሚሊ ሜትር መጣልኝ፤ የድሮው 615 ነው። የፍጥነት ቆጣሪው እንኳ አይዋሽም! የቡሎን ቀዳዳዎቹን ሳይቀር ለካሁ፦ አምስት ቡሎን፣ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ። ኢንጂነር ሆንኩ በቃ። የላስቲኩ ጎን ከ117 ሚሊ ሜትር ወደ 79 መውረዱንም ጽፌዋለሁ፣ ከጎኑ «ያምራል» ብዬ።

ጎማ ቤት ያሉት ጋሼ ቸርኬውን በጣታቸው አንኳኩና «ሰፈርህ የት ነው?» አሉኝ። ስለ መኪናዋ ምንም አልጠየቁም።

«ቱሉ ዲምቱ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ።»

«ኮብልስቶን ነው?»

«መጨረሻው ላይ ትንሽ።»

ረዳታቸውን አየት አደረጉና «ግጠምለት» አሉ።

የአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ ስወጣ ግን፣ ወይ መኪና! መሪው ምላጭ ሆኗል። ደርሼ እስክመለስ ፈገግታዬ አልጠፋም። ኮብሉ ላይ ስገባ ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ።

በነጋታው የፋሲካ ዋዜማ ነው። እማዬን ከገበያ ላምጣት ሄድኩ። እሷ ከፊት፣ ጭኗ ላይ ሠላሳ እንቁላል፤ ዶሮው እግሩ ታስሮ ከኋላ። እየተንፏቀቅን ሰፈር ልንደርስ ስንል ውሃ የሞላው ነገር አየሁ። ኩሬ መሰለኝ። ጉድጓድ ነበር።

ጓ!

መጀመሪያ የጮኸው ዶሮው ነው። እማዬ አልጮኸችም፣ ነጠላዋን ብቻ ቀስ ብላ አነሳችው፤ አስኳሉ ይንጠባጠባል። ሁለት ወር ገደማ ጾማ በዋዜማው እንቁላል በእንቁላል ሆነች። ወርጄ ጎማውን ሳየው የቸርኬው ጠርዝ ተጣሟል፣ ላስቲኩ ጎን ላይ ደግሞ ድብልብል ያለ እብጠት ወጥቷል። ውስጡ ያለው ክር ሲበጠስ እንደዚያ ይነፋል፤ ከዚያ በኋላ ያ ጎማ አይታመንም። እማዬ በመስኮት አንገቷን አውጥታ አየችው።

«የእኔ አስራ አንዱ ተሰብሯል» አለችኝ። «ያንተ ጎማ ግን አንድ ጥሏል።»

ስኮርታው? ከ18ቱ ጋር በዓይኔ ሳስተያየው ለእንጀራ ምጣድ የቡና ስኒ እንደ መክደን ሆነብኝና ከኋላ ዕቃ መጫኛው ሳላወጣው ተውኩት። የቀረችውን መንገድ በእርምጃ ፍጥነት ተጓዝን። ጀሪካን የጫኑ ሁለት አህዮች ቀደሙን። እማዬ ለነጂያቸው ሰላምታ ሰጠች።

ከበዓሉ በኋላ ጎማ ቤት ስደርስ አፌን እንኳ አልከፈትኩም። ጋሼ ከሩቅ አዩኝና ረዳታቸውን ተጣሩ።

«የዚያን ልጅ 15ቶች አምጣ።»

አልሸጧቸውም፣ ጓዳም አላስገቧቸውም። በሩ ላይ ተደርድረው ነበር።