ጣቴን ሲያመኝ አንገቴን የዳሰሰው ዶክተር

የዛሬ 4 ዓመት አካባቢ ነው የጀመረኝ። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል፣ ጀበና ማንሳት ስላቃተኝ ቡናውን ልጄ ነበረች የምትቀዳው፣ ሌሊት ደግሞ ከአውራ ጣቴ እስከ መሀል ጣቴ ድንዝዝ ይልና ከእንቅልፌ ያባንነኛል፣ እጄን አራግፌ አራግፌ ነው መልሼ የምተኛው። ያየኝ ሁሉ ሪህ ነው ቀይ ሥጋ ተዪ አለኝ፣ ብርድ ነው ያለኝም አለ። ሥጋውን ተውኩ፣ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ እየገዛሁ ከዓመት በላይ ዋጥኩ፣ ጨጓራዬ ተቃጠለ እንጂ እጄ ያው ነው።

እኛ ጋ እኮ የመገጣጠሚያ ህመም ሁሉ ስሙ ሪህ ነው። ሪህ የሚባለው ግን ዩሪክ አሲድ ሲበዛ የሚመጣ ራሱን የቻለ በሽታ ነው፣ ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣት ላይ በድንገት አብጦ ቀልቶ የሚጀምር። የኔ በጭራሽ እንደዛ አልነበረም፣ ግን አንዴ ስም ከወጣለት በኋላ ሌላ ምክንያት የሚፈልግ ሰው የለም፣ እኔም አልፈለግኩም።

ሦስተኛ የሄድኩበት ዶክተር እጄን አይቶ ሲጨርስ ከኋላዬ ቆሞ አንገቴን እየዳሰሰ "እስቲ ምራቅዎን ይዋጡ" አለኝ። ከዛ ብርድ ብርድ ይልዎታል ወይ፣ ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ ፀጉርዎ ይረግፋል ወይ፣ ሳይበሉ ኪሎ ጨምረዋል ወይ እያለ ጠየቀኝ፣ ሁሉም አለብኝ! ዕድሜ ነው የሥራ ብዛት ነው እያልኩ ለማንም ሐኪም ተናግሬው አላውቅም። ቤተሰብ ውስጥ እንቅርት ያለበት አለ ሲለኝ እናቴ በኦፕሬሽን አስወጥታለች አልኩት።

የደም ምርመራው ሲመጣ ቲ ኤስ ኤች 38 ነው፣ ጤነኛ ሰው ላይ ከ4 ብዙም አያልፍም። ቲ ኤስ ኤች ማለት ጭንቅላት አንገት ላይ ያለችውን እጢ፣ ታይሮይድን፣ ሥሪ ሥሪ የሚልበት ሆርሞን ነው፣ እጢዋ ስትደክም እሱ ይጨምራል። የታይሮይድ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለውም ከልክ በላይ ወጣ። ሀሺሞቶ ነው ተባልኩ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 መጀመሪያ በጻፈው ጃፓናዊ ሐኪም ስም ነው የሚጠራው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን ታይሮይድ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲያጠቃ ማለት ነው። የደጋው አገር እንቅርት በአብዛኛው የአዮዲን እጥረት ነው፣ ለዚህም ነው በ2003 ዓ.ም የገበታ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ የወጣው። የኔ ግን ሌላ ነው፣ ጨው አያድነውም።

ታይሮይድና ጣት ምን አገናኘው ብዬ ነበር፣ ለካ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ሰውነት ውስጥ ውሃ የሚይዝ ነገር ይጠራቀማል፣ የእጅ አንጓ ላይ ያለችውን ጠባብ መተላለፊያ ያሳብጥና ነርቩን ይጫነዋል፣ ሌሊት የሚያደነዝዘኝ እሱ ነበር። ጡንቻም ያማል፣ መገጣጠሚያም ይደርቃል፣ ጉልበት ውሃ ሊቋጥርም ይችላል።

የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ክኒን ታዘዘልኝ። እዚህ ላይ እባካችሁ ልብ በሉ፣ ክኒኑ በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ነው የሚዋጠው፣ ከቁርስም ከቡናም በፊት ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት መቆየት አለበት፣ የብረትና የካልሲየም ክኒን ካለ ደግሞ 4 ሰዓት ይራራቅ። እኔ ማንም ስላልነገረኝ ሁለት ወር ሙሉ በቡና ነበር የምውጠው፣ ቲ ኤስ ኤቹ አልወርድ ብሎ ስንጨነቅ ነው የታወቀው።

ካስተካከልኩ በኋላ በ4 ወር ውስጥ መደንዘዙ ጠፋ፣ ብርዱም ለቀቀኝ። ጣቶቼ ግን አልዳኑም። በሁለቱም እጄ የጣቶቼ ሥር ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ካልቆየሁ እጄ አይፈታም። ታይሮይዱ ነው ቀስ ይላል እያልኩ ሌላ 7 ወር አባከንኩ። ይሄ ነው እስከዛሬ የሚቆጨኝ፣ ምክንያቷ አሁንም ያው የፊቷ ነገር ነው፣ አንድ መልስ ካገኘሁ ሁለተኛ አልፈልግም።

ተመልሼ ስሄድ አንቲ ሲሲፒ የሚባል የደም ምርመራ ታዘዘ። የሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ሌላው የደም ምርመራ ብቻውን አያስተማምንም፣ ታይሮይድ ላይ ሀሺሞቶ ያለበት ሰው ጋም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ ማለት ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉት ነገር በኔ ደረሰ። አንዱ ሌላውን ወልዶት አይደለም፣ የራሱን አካል ማጥቃት የጀመረ መከላከያ አንድ ቦታ ላይ ላይቆም ስለሚችል ነው፣ ከዘር የሚወረሰው ተጋላጭነትም የሚጋሩት አለ። ሉፐስና ሾግረን የሚባሉት መሰል በሽታዎች ያለባቸው ሰዎችም ታይሮይዳቸው የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። አሁን ለሩማቶይዱ ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ፣ በሳምንት አንዴ ብቻ፣ በየቀኑ ከተወሰደ ሰው የሚገድል መድኃኒት ነውና የተወሰነ ቀን ይኑራችሁ፣ የኔ እሁድ ነው።

ሳነብ ያገኘሁት አንድ ነገር በጣም ደንቆኛል። እ.ኤ.አ. በ1914 የታይሮይድን ሆርሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው አሜሪካዊው ኬሚስት ኤድዋርድ ኬንዳል፣ በኋላ ኮርቲዞንን ካገኙት አንዱ ነው፣ በ1948 ለሩማቶይድ ታማሚ ተሰጥቶ ከአልጋ ያስነሳው መድኃኒት ማለት ነው፣ በ1950 ኖቤል ተሸለሙበት። ሁለቱን በሽታዬን አንድ ሰው ነክቶልኛል።

እናቴስ? እንቅርቷ ከወጣ 20 ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከዛ ወዲህ ቁርጥማት ቁርጥማት እያለች ጸበልም ወጌሻም ስንወስዳት ኖረናል፣ እጢዋ የተቆረጠባት ሴት ሆርሞኗ ይታይ ያለ አንድም ሰው የለም። የኔን ካወቅኩ በኋላ አስመረመርኳት፣ ቲ ኤስ ኤቿ ከኔም ይበልጥ ነበር። አሁን ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጠዋት ሁለታችንም ክኒናችንን በውሃ እንውጥና ቡናው ይቆላል፣ ተወቅጦ እስኪፈላ ሰዓቱ ይደርሳል።