በአዲስ አበባ ክረምት ሞዴል አውሮፕላን እንዴት እንደምቀባ

ሐምሌ ሲገባ ስፕሬዩን ሰቅሎ መስከረምን የሚጠብቅ ሞዴል ሠሪ ብዙ ነው። እኔ ግን ክረምቱን አልለቅም። ቤት የምንውልበት ወቅት እሱ ነው፤ ትዕግሥት ለሚጠይቅ ሥራ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ዋናው ነገር አየሩን አውቆ መርጨት ነው።

ይህን ያስተማረኝ አንድ ሲ-47 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ነው። ስለዚህ ሞዴሉን በጣም እወደዋለሁ። የኔው በ1/72 መጠን የተሠራ ነው። አካሉ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም እንዲመስል መጀመሪያ አብረቅራቂ ጥቁር ላከር፣ ማለትም በቲነር የቀጠነ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም፣ ይረጫል፣ ከዚያ በላዩ ስስ የብረት ቀለም። ጥቁሩ እንደ መስታወት ከጠራ ብሩም ይጠራል። ጥቁሩ ከደበዘዘ ግን ብሩ ተራ ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

ዝናቡ እንዳባራ በረንዳ ላይ ረጨሁት። እርጥብ እያለ በጣም ያምር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ክንፎቹ ላይ ወተት የመሰለ ጉም ወጣ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ላከሩ ውስጥ ያለው ቲነር ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ሳኒታይዘር እጃችሁ ላይ ስታፈሱ የሚሰማችሁ ቅዝቃዜ ያው ነው። ስለዚህ የተቀባው ገጽ ከአካባቢው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት በታች ከወረደ፣ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ገና ያልደረቀው ቀለም ውስጥ ይገባል። ነጩ ጉም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ቁጥሩን ስታዩት ነገሩ ይገለጣል። አየሩ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ ከሆነ ጤዛ የሚጀምረው 16 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ገጹ አራት ዲግሪ ያህል ከቀዘቀዘ በቂ ነው ማለት ነው። በዚያው 20 ዲግሪ እርጥበቱ 50 በመቶ ቢሆን ግን ጤዛው ወደ 9 ዲግሪ ይወርዳል። ያው የስፕሬይ ቆርቆሮ፣ ያው እጅ በታኅሣሥ ምንም የማይሆነው ለዚህ ነው። ትላልቅ ብረት የሚቀቡ ባለሙያዎች ገጹ ከጤዛው ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት ይላሉ። ቶሎ ለሚተን ላከር ግን ይህ አይበቃም። እኔ ልዩነቱ 8 ዲግሪ ካልሞላ አብረቅራቂ ቀለም አልረጭም።

የነጣውን ጥቁር ለመፋቅ አልተቻኮልኩም። በደንብ እንዲደርቅ ተውኩት። ጥሩ ፀሐይ በወጣበት ቀን ሪታርደር፣ ማለትም ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር፣ በስሱ ነፋሁበት። ቀለሙ ትንሽ ሲለሰልስ የታመቀው ውሃ ወጣና ክንፎቹ ጠሩ። ጅራቱ አካባቢ ግን ጉሙ ጠልቆ ስለነበር በ2000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት አሽቼ እንደገና ቀባሁት።

አሁን ሙቀትና እርጥበት የሚለካ ትንሽ መለኪያ ሁልጊዜ አጠገቤ አለ። ማለዳ አልረጭም፤ ከቀኑ ሁሉ እርጥበቱ የሚበረታው ያኔ ነው። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ፣ ከረፋዱ 4 እስከ 6 ሰዓት ያለውን እጠቀማለሁ። ሞዴሉን አስቀድሜ አምፖል ባለበት ሳጥን ውስጥ አሞቀዋለሁ፤ ለእጅ ለብ ማለቱ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ቆርቆሮውም ሲረጭ ራሱ ስለሚቀዘቅዝ ለጥቂት ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆየዋለሁ። የፈላ ውሃ ወይም እሳት ፈጽሞ አይሞከርም፣ ይፈነዳል። አደራ፣ ቤት ውስጥ ለቡና ከሰል ተያይዞ ከሆነ በዚያ ሰዓት ቲነር አትክፈቱ።

በኤርብረሽ፣ ማለትም በታመቀ አየር ቀለም በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ፣ ለምትሠሩ ችግሩ ሌላ ነው። ኮምፕሬሰሩ አየሩን ሲያምቀው እርጥበቱ ውሃ ይሆንና በቱቦው መጥቶ ሞዴሉ ላይ ጠብ ይላል። የውሃ ማጥመጃውን ከኮምፕሬሰሩ ይልቅ ወደ ኤርብረሹ አቅርባችሁ ግጠሙት፤ አየሩ በቱቦው ሲጓዝ ስለሚቀዘቅዝ ውሃው የሚለየው እዚያ ነው። የኮምፕሬሰሩ ታንክ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃም ሥራ ስትጨርሱ አፍስሱት። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ እንደ ላከር አይነጣም፣ ግን በክረምት መድረቁ ይዘገያል። ሌላ ቀለም እንዳይነካው መሸፈኛ ፕላስተር ሳይደርቅ ከለጠፋችሁበት ተልጦ ይነሳል፤ እኔ አሳድረዋለሁ። በበጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቀለሙ ገጹ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቅና እንደ አሸዋ ይሻክራል።

ከሁሉም ለእርጥበት ስስ የሆነው ማት ቫርኒሽ፣ ማለትም የማያብረቀርቀው መሸፈኛ፣ ነው። ጨርሰን፣ ዲካሉን (የሚለጠፉትን ጽሑፎችና ምልክቶች) ለጥፈን፣ በመጨረሻ የምንረጨው እሱ ስለሆነ ሲነጣ የወራት ልፋት አብሮ ይነጣል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ በክረምት እሠራለሁ፤ ማቱን ግን ዝናቡ እስኪያልፍ አቆየዋለሁ።