37 ስምና አንድ እብነ በረድ

ድሬዳዋ ውስጥ ለሰፈራችን ዘማቾች መታሰቢያ እናቁም ያልኩት እኔ ነኝ። የዕድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ሥራውም እኔው ላይ ወደቀ። ባለቤቴ «አፍህ ነው ያስያዘህ» ብላ ሳቀችብኝ።

አብዛኞቹ የዘመቱት በ1969 ነው። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ገባ፣ ነሐሴ ላይ ድሬ ደጃፍ ደረሰ። አየር ማረፊያውም ባቡሩም እዚህ ነው፤ ከተማዋ ብትያዝ ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። አልተያዘችም። የተመለሰ ተመለሰ። ያልተመለሰው የት እንደቀረ ግን ብዙ ቤተሰብ እስካሁን በውል አያውቅም።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት ድንጋዩን በማስቀደሜ ነው። ብር አዋጣን፣ እብነ በረድ መረጥን፣ ዋጋ ተከራከርን። ቀራጩ «በል ስሞቹን አምጣ» ሲለኝ እጄ ላይ የነበረው 11 ስም ብቻ ነው። አፈርኩ።

የዕድሩን አሮጌ መዝገብ አወጣሁ። ለመርዶ የወጣው ወጪ ሳንቲሙ ሳይቀር ተጽፏል። የሟቹ ስም ግን የለም! «ለእገሌ ልጅ መርዶ» ይላል፣ በቃ። ለካ ዕድርተኛው አባትየው ነው። ስለዚህ ቤት ለቤት መዞር ግድ ሆነ።

ያገኘሁትን ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፣ እርሳስ በክር አሰርኩበት። ከስብሰባ ሁሉ የበለጠ የሠራው ያ እርሳስ ነው። በአንድ ወር ዝርዝሩ 37 ደረሰ። አንዲት እናት ግን አንብበው አንብበው «የኔ ወንድም የለበትም» አሉ። ነበረበት። እሳቸው የሚያውቁት የቤት ስሙን ነው፤ ሲዘምት የተመዘገበው በሌላ ስም ነበር። ሁለቱንም አስቀረጽን።

ቀራጩ የሚያስከፍለው በፊደል ነው። አንዱ የኮሚቴ አባል «የአያት ስም ይቅር» አለ። ልንስማማ ስንል፣ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ልጆች ተገኙ። የአያት ስም ሳይወጣ ተረፈ። «ኃይሉ» በየትኛው «ሀ» ይጻፍ በሚለው ብቻ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። ከዚያ በኋላ ቤተሰብ አንብቦ ሳይፈርም አንድም ስም ወደ ቀራጩ አልሄደም። ማዕረግ ተውን፤ ሚሊሻውም ባለ ማዕረጉም በሀ ሁ ተራ ገባ።

ቦታውን ደቻቱ ወንዝ ዳር አስቤ ነበር፣ ሰፊ ነው ብዬ። የ1998ቱን ጎርፍ ያዩ ሽማግሌዎች «አቦ፣ ድንጋዩንም ልታዘምተው ነው?» አሉኝ። አሁን የዕድሩ ቤት ግቢ፣ ኒም ዛፍ ሥር ቆሟል። ጥላው ባይኖር በድሬ ቀትር ማን ቆሞ ያነባል? አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል፦ ፊደሎቹ ጠለቅ ብለው አልተቀረጹም። በቀለሙ ተማመንን፣ ቀለሙ ዓመት ሳይሞላው ነጣ።

የመረቅነው የካቲት 26፣ በካራማራ ድል ቀን ነው። በሳምንቱ አንድ አዛውንት ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ መጡ። አብሯቸው ምሽግ የነበረ የሰፈራችንን ልጅ ስም ሊያስጽፉ ነው። «ስሙ ማን ነበር አባባ?» አልኳቸው።

«እኛማ ‹ድሬ› ነበር የምንለው።»

ከድንጋዩ ግርጌ ለሦስት ስም የሚሆን ቦታ ትተናል። ወረቀቱንም መልሼ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ከነእርሳሱ።